በበረዶ ዓሣ ማጥመጃ ወራት ሕያው ማባበያን በጤና ስለማቆየት

ጠያቂ፦ የሴንት ፖሉ ጀማሪ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። እዚህ ሚኒሶታ ውስጥ በበረዶ ላይ ዓሣ የማጥመድ ልምድ ያላችሁ ወገኖች አንድ ነገር እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ስለ በረዶ መቦርቦሪያ፣ ስለ ድንኳን ወይም ስለ ሐይቅ ምርጫ አይደለም፤ መንጠቆ ላይ ስለሚሰኩት ሕያዋን ማባበያዎች አያያዝ ነው።

ከማባበያ ሱቅ የምገዛቸው ሚኖው የተባሉት ትናንሽ ዓሦች ሐይቁ ላይ በምውልበት ቀን ምንም አይሆኑም። የተረፉትን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ላቆያቸው ብዬ ወደ ቤት ስመልሳቸው ግን አብዛኞቹ ሳምንቱ ሳይጋመስ ያልቃሉ። ፋትሄድ የሚባለው ዓይነት ትንሽ ይታገሣል፤ ሻይነር የሚባለው ብርማ ዓሣ ግን ወዲያው ይሞታል፤ እኔ በማጠምድበት በሚል ላክስ ሐይቅ ዋልአይ የተባለው ዓሣ ይበልጥ የሚሻው ደግሞ እርሱን ነው። የማስቀምጣቸው በ5 ጋሎን የፕላስቲክ ባልዲ፣ ክሎሪኑ እንዲተንለት አንድ ሌሊት ክፍት ባደረ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ሲሆን፣ ባልዲው የሚቀመጠው ወጥ ቤት ጥግ ነው። ጠዋት ጠዋት ጥቂት የዳቦ ፍርፋሪ እጨምርላቸዋለሁ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕም አለኝ፤ ነገር ግን ድምፁ ቤተሰቡን ስለሚረብሽ ሌሊት አጠፋዋለሁ።

ክራፒና ብሉጊል ለተባሉት ዓሦች የምገዛቸው ዋክስ ዎርም የሚባሉት ነጫጭ ትሎችም እንዲሁ ናቸው። ፍሪጅ ውስጥ ባስቀመጥኳቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ጠቁረውና ላሽቀው አገኛቸዋለሁ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የለመዱት ውኃ እርሱ ስለሆነ ከሐይቁ ቀድተህ ወደ ቤት ውሰድ» ሲል መክሮኛል። ይህ ትክክል ነውን? በጥር ወር ሻይነር ከሱቆች የሚጠፋበት ጊዜ ስለሚያጋጥም ሲገኝ ገዝቶ ማቆየት የሚቻል ከሆነ ዘዴውን ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የሰሜን ሐይቅ

ወንድሜ፣ አያያዝህን በዝርዝር ስለጻፍክ መልሱን አቅልለህልናል። ዓሦችህን በዋነኛነት እየገደላቸው ያለው የወጥ ቤትህ ሙቀት ነው፤ ሌሎቹ ነገሮች እርሱን ተከትለው የሚመጡ ናቸው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ቀዝቃዛ ውኃ ከሞቃት ውኃ ይልቅ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል። ዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ ንጹሕ ውኃ በአንድ ሊትር 14.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ 20 ዲግሪ ላይ ሲደርስ የመያዝ ዐቅሙ ወደ 9 ሚሊ ግራም ይወርዳል። በአንጻሩ የዓሣው ሰውነት ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚሞቅ የሚፈልገው ኦክስጅን በየ10 ዲግሪው ጭማሪ እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከሱቁ ቀዝቃዛ ገንዳ ወጥተው ወጥ ቤት የገቡ ዓሦች ፍላጎታቸው በጨመረበት ሰዓት አቅርቦቱ ቀነሰባቸው ማለት ነው፤ በዚህ ላይ ፓምፑን ሌሊት ስታጠፋው እየታፈኑ ያድራሉ። ጠዋት ስታያቸው ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ከሆነ ይህ የመታፈን ምልክት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ አሞኒያ ነው። ዓሣ ቆሻሻውን የሚያስወግደው በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ስለሆነ፣ ምንም ባትመግበውም እንኳ የሚኖርበትን ውኃ ቀስ በቀስ ይመርዛል። ስትመግበው ደግሞ ነገሩን ታፋጥነዋለህ፤ ያልተበላው ዳቦ ይበሰብሳል፣ ብስባሹም ኦክስጅን ይሻማቸዋል። አራት ዲግሪ አካባቢ የሚቀመጥ ሚኖው ሰውነቱ ስለሚዘገይ ለሳምንት ያህል ምግብ ባያገኝ አይጎዳም። ስለዚህ ፍርፋሪውን ፈጽመህ ተው። በውኃው ገጽ ላይ የማይጠፋ አረፋ ካየህ ውኃው መለወጥ እንዳለበት ዕወቅ።

ሦስተኛው ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የቧንቧ ውኃን ክፍት አድርጎ ማሳደር የሚጠቅመው በተራ ክሎሪን ለታከመ ውኃ ብቻ ነው። ሚኒያፖሊስም ሆነ ሴንት ፖል ውኃቸውን የሚያክሙት በክሎራሚን ሲሆን፣ ይህም ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ተዋሕዶ የሚገኝ ነገር በመሆኑ በአንድ ሌሊት ተንኖ አይጠፋም፤ የዓሣውን ስንጥብም ይጎዳል። መፍትሔው የቤት ውስጥ ዓሣ ዕቃ በሚሸጥባቸው መደብሮች የሚገኘውን የውኃ ማስተካከያ ጠብታ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን መጨመር ነው። ስትገዛ ለክሎራሚን ጭምር የሚሠራ መሆኑን አንብብ። በከተማ ዳርቻ የራሳቸውን ጉድጓድ ውኃ የሚጠቀሙ ሰዎች ክሎራሚን ባያሰጋቸውም፣ የጉድጓድ ውኃ ብዙ ጊዜ ኦክስጅን የጎደለው ስለሆነ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ለጥቂት ሰዓታት አየር ሊነፋበት ይገባል።

አሁን ወደ አቀማመጡ ልምጣ። እኔ የምጠቀመው ክዳን ያለው ትልቅ ኩለር (ቅዝቃዜ የሚጠብቅ ሣጥን) ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ጋራዡ ሲቀዘቅዝም ሆነ መኪና ገብቶ ሲሞቅ የውኃው ሙቀት ቶሎ ቶሎ አይዋዥቅም። ክዳኑን በጥቂቱ ገርበብ አድርጌ የአየር ቱቦውን አስገባለሁ፤ ፓምፑም ሌት ተቀን በኤሌክትሪክ ይሠራል። ውኃው ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በእኛ አነጋገር ከ40 እስከ 45 ፋራናይት፣ ቢሆን ይመረጣል። ውኃ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ በበረዶ በተሸፈነ ሐይቅ ጥልቅ ክፍል የምታገኘው ሙቀት ወደዚሁ የተጠጋ ነው፤ በሐይቁ ውስጥ ዓሦች ክረምቱን የሚያሳልፉት እንዲህ ባለ ውኃ ነውና። ጋራዡ ፈጽሞ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ኩለሩን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስጠግተህ ከሥሩ ወፍራም ፎም አንጥፍለት።

ከኩለሩ አጠገብ በማስተካከያው የታከመ ውኃ የሞላበት ሌላ ባልዲ ምንጊዜም ይኑርህ። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ ሙቀታቸው አንድ ይሆናል፤ በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ ከኩለሩ ሢሶውን ውኃ ቀድተህ ስትደፋ ከዚያኛው ትተካለህ፤ ዓሣውም ለውጡን አያውቀውም። ውኃውን በሙሉ በአንድ ጊዜ መለወጥ ግን አያስፈልግም። ከሱቅ ስታመጣቸውም ከነላስቲካቸው ለግማሽ ሰዓት ያህል በኩለሩ ውኃ ላይ አንሳፍፋቸውና ሙቀቱ ሲስተካከል ልቀቃቸው። የሞተውን በየቀኑ ልቀም፤ አንዱ ሲበሰብስ ሌሎቹን ይዞ ይሄዳልና። በገላቸው ላይ ጥጥ የሚመስል ነጭ ነገር የበቀለባቸውን ደግሞ ሳይሞቱም ቢሆን አውጣቸው፤ ሻጋታ ነው።

ስለ ሻይነር አትድከም ለማለት ባልፈልግም እውነቱን ልንገርህ። ሻይነር ቅርፊቱ በቀላሉ የሚረግፍ፣ ብዙ ኦክስጅን የሚሻና መጨናነቅን የማይችል ዓሣ ነው። ፋትሄድ ግን ኦክስጅን በሚያንሳቸው ኩሬዎች ውስጥ የመኖር ጠባይ ስላለው ስሕተትህን ይሸከምልሃል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ዕቃ አታስቀምጥ፤ ሻይነር በምታስቀምጥበት ጊዜም የፋትሄዱን ግማሽ ያህል ብቻ አድርግ። በእጅህም አትያዛቸው፤ ትንሽ መረብ ተጠቀም። የሰው እጅ ሙቀትና ድርቀት ገላቸውን የሸፈነውን ልሃጭ ይገፈዋል፤ በሽታ የሚገባውም በዚያ ነው።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብህ የባልዲው ዓይነት ነው። ዚንክ የተለበጠ የቆርቆሮ ባልዲ መልኩ ቢያምርም ዚንኩ እየሟሟ ዓሦቹን ይመርዛል።

መልስ፦ ዋልአይ ፈላጊ

ከላይ የተሰጠው መልስ የቤቱን አያያዝ በሚገባ ስለገለጸ እኔ ሐይቁ ላይ ስለሚሆነው ጥቂት ልጨምር። ሰዎች ማባበያቸው ቀኑን ሙሉ ደኅና ውሎ ቤት ሲደርስ የሞተ ይመስላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱ የደረሰበት በረዶው ላይ ነው። ባልዲው በቀጥታ በረዶ ላይ ሲቀመጥ ውኃው ከታችና ከጎን መርጋት ይጀምራል፤ ከዚያም አጥማጁ ድንኳን ውስጥ ያስገባውና በጋዝ ማሞቂያው አጠገብ ያስቀምጠዋል፤ ማታ ደግሞ የመኪና ሙቀት ይጨመርበታል። በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ የተናወጠ ዓሣ በማግሥቱ ቢሞት አይደንቅም። ከፎም የተሠራ ወይም ውስጡ ፎም ያለው ባልዲ ግዙ፤ ከሥሩ ጣውላ ወይም ምንጣፍ አድርጉለት፤ ከማሞቂያውም አርቁት። ስትመለሱ ከመኪናው የኋላ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።

የአየር ፓምፑን በተመለከተ፣ ውጭው ከዜሮ በታች 20 በሆነበት ቀን ፓምፑ እየሳበ ውኃው ውስጥ የሚነፋው ያንኑ አየር ስለሆነ ውኃውን ፈጥኖ ያቀዘቅዘዋል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው እርጥበትም ረግቶ ይዘጋዋል። ፓምፑን በድንኳኑ ውስጥ ወይም በካፖርት ኪስ ውስጥ ማድረግ ይሻላል። ተራ ባትሪ በብርድ ዐቅሙ ስለሚወድቅ ሊቲየም የተባለውን ዓይነት ተጠቀሙ። በዚያ ብርድ ውኃው ራሱ በቂ ኦክስጅን ስለሚይዝ ጥቂት ዓሦች ብቻ ከያዛችሁ ፓምፑን አልፎ አልፎ ማሠራት ይበቃል።

መልስ፦ የብሩክሊን ፓርኩ

ለጠያቂው ወንድማችን ባልደረባቸው የሰጧቸውን ምክር በተመለከተ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የሐይቅ ውኃ ቀድተው ወደ ቤት አይውሰዱ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ ሁላችን ዲ ኤን አር የምንለው፣ በየሐይቁ መግቢያ የለጠፈው መልእክት «አጽዱ፣ አፍስሱ፣ አስወግዱ» የሚል ነው። ማባበያውን ለሌላ ቀን ማቆየት የሚፈልግ ሰው የሐይቁን ውኃ እዚያው አፍስሶ፣ ከሐይቅ፣ ከወንዝ ወይም ከጅረት ባልተቀዳ ውኃ ይተካል። ስለዚህ ከቤት ሲወጡ የታከመ ውኃ በጀሪካን ይዘው ይሂዱ፤ እኔ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንን ነው። ውኃው እንዳይረጋ በመኪናው ውስጥ ይተዉት።

ይህ ጥንቃቄ እንዲሁ የወጣ አይደለም። እርስዎ በጠቀሱት በሚል ላክስ ሐይቅ ውስጥ ዜብራ መስል የተባለው ባዕድ ዛጎል ለበስ እንስሳ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ይታወቃል፤ የእንስሳው እጭ በዓይን የማይታይ በመሆኑ በአንድ ኩባያ ውኃ ውስጥ ወደ ሌላ ሐይቅ ሊሻገር ይችላል። የዓሣ በሽታዎችም በውኃና በማባበያ ዓሣ አማካይነት ይጓዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በታላላቆቹ ሐይቆች ብዙ ዓሣ የፈጀው፣ ቪ ኤች ኤስ በሚል አሕጽሮት የሚጠራው የቫይረስ በሽታ በማባበያ ዓሣ ዝውውር ላይ ብዙ ቁጥጥር እንዲደረግ ምክንያት ሆኗል።

ከዚሁ ጋር የተያያዙ ሌሎች ነገሮችም አሉ። የተረፈ ሚኖው ወደ ሐይቅ መልቀቅ ክልክል ነው፤ «ነፍስ ነው፣ ይኑር» ብሎ ከቀዳዳው የሚለቅ ሰው አይቻለሁ፤ ርኅራኄው ቢገባኝም የማይፈለገው ዓሣ መጣል ያለበት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው። ትልም ቢሆን መሬት ላይ አይደፋም። ወርቃማውን የቤት ዓሣ ማባበያ ማድረግ አይፈቀድም። ከሌላ ግዛት ሕያው ሚኖው ማስገባትም የተከለከለ ስለሆነ በሴንት ፖል የምንኖር ሰዎች ድልድዩን ተሻግረን ከዊስኮንሲን ሱቆች ገዝተን መመለስ የለብንም። ሻይነር ጠፋ ሲባል ይህ ሐሳብ ለብዙ ሰው ስለሚመጣ ነው የማነሣው።

መልስ፦ የቀፎ ሰው

ስለ ሚኖው ከተባለው በላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስለ ትሎቹ ግን ትንሽ ዕውቀት አለኝ። ዋክስ ዎርም የሚባለው ትል አገር ቤት ንብ ያነባ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጠላት ነው፤ የተዳከመ ቀፎ ውስጥ ገብታ እንቁላሏን የምትጥለው የሰም የእሳት እራት ልጅ ነውና። የማር እንጀራውን እየበሳ፣ ድር እያደራ፣ ሰሙንና በውስጡ የቀረውን የአበባ ዱቄት በልቶ ቀፎውን ባዶ የሚያስቀር ትል በሚኒሶታ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ተቆጥሮ ሲሸጥ ሳይ ሁልጊዜ ፈገግ እላለሁ።

ጠላት የሆነበት ጠባዩ ራሱ አያያዙን ይነግረናል። ይህ ትል የቀፎ ውስጥ ሙቀት የለመደ ፍጥረት ስለሆነ የፍሪጅን ብርድ አይችልም። አራት ዲግሪ ላይ ለቀናት ሲቀመጥ ይሞታል፤ የሞተው ይጠቁራል፣ ይላሽቃልም። በሳሎን ሙቀት ቢቀመጥ ደግሞ ድር አድርቶ ኩብኩባ ይሆንና ቆይቶም እራት ሆኖ ይበርራል። መካከለኛው ቦታ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቀዝቀዝ ያለ ምድር ቤት፣ የውጭ በር አጠገብ ያለ ቁም ሣጥን ወይም የመስኮት ደፍ ይህን ሙቀት ይሰጣል። የመጡበትን የእንጨት ፍቅፋቂ ደረቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ክዳኑ ላይ መተንፈሻ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ፤ የጠቆረውን በየቀኑ አውጡ። ውኃ አትርጩባቸው፤ እርጥበት ያሻግታቸዋል።

ከነርሱ ጋር ተመሳስለው የሚሸጡት የዝንብ እጮች፣ ሱቆቹ ስፓይክ የሚሏቸው፣ ጠባያቸው ተቃራኒ ነው። እነዚህን ከዜሮ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ባለ የፍሪጅ ብርድ ብታስቀምጧቸው ደንዝዘው ለሳምንታት ይቆያሉ፤ ሙቀት ካገኙ ግን ቶሎ ወደ ኩብኩባነት ይለወጣሉ። ጠያቂው ሁለቱን በአንድ ፍሪጅ ካስቀመጡ አንዱ የሚድንበት ብርድ ሌላውን ይገድለዋል። በአንድ ነገር ግን ይመሳሰላሉ፤ በረዶው ላይ ስትውሉ ሁለቱንም በውስጠኛው ኪሳችሁ፣ ወደ ገላችሁ አስጠግታችሁ ያዙ፤ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ቢተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንጋይ ይሆናሉ። የረጋ ትል መንጠቆው ሲገባበት ይፈነዳል፤ ከውስጡ የሚወጣው ፈሳሽ ካለቀ በኋላም ብሉጊል አይነካውም።

ጠያቂ፦ የሴንት ፖሉ ጀማሪ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የውኃ ማስተካከያውን ዛሬውኑ እገዛለሁ፤ ትሎቹንም ከፍሪጅ አውጥቼ ወደ መስኮቱ ደፍ አዛውሬያቸዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። የምኖረው አፓርትመንት ውስጥ ስለሆነ ጋራዥም ምድር ቤትም የለኝም፤ ያለኝ ትንሽ በረንዳ ብቻ ነው። በረንዳው ላይ ባስቀምጣቸው ሌሊት ውኃው እስከ ታች ድረስ ይረጋብኛል ብዬ እፈራለሁ። ባለቤቴም በምግብ ፍሪጃችን ውስጥ ዓሣ ከነሕይወቱ እንዲገባ አልፈቀደችም፤ እኔም አልፈርድባትም።

መልስ፦ የሰሜን ሐይቅ

ባለቤትህ ትክክል ናት። በረንዳው ግን አይናቅም። ወፍራም ግድግዳ ያለው ኩለር እስከ አፉ ውኃ ሞልተህ ክዳኑን ብትገጥመው፣ ከሕንፃው ግድግዳ ጋር ብታስጠጋውና በአሮጌ ብርድ ልብስ ብትሸፍነው፣ ብዙ ውኃ ቶሎ ስለማይቀዘቅዝ በመጠነኛ ብርድ ሌሊት ገጹ ላይ ስስ በረዶ ከመሥራት አያልፍም። ፓምፑን በረንዳው በር ውስጥ፣ ቤት በኩል አስቀምጠህ ቱቦውን ብቻ ብታወጣው ለብ ያለ አየር ስለሚነፋ ቱቦው አይረጋም፤ አረፋው የሚወጣበት ቦታም ክፍት ሆኖ ያድራል። ድምፁም ለመኝታ ቤት ሩቅ ይሆናል። የአየር ትንበያው ከዜሮ በታች 20 ሴልሺየስና ከዚያ በታች በሚልበት ሌሊት ግን ኩለሩን ወደ ውስጥ አስገብተህ ከበሩ አጠገብ፣ ከማሞቂያው ርቆ እንዲያድር አድርግ፤ ክዳኑ ስለተገጠመ እስከ ጠዋት ብዙ አይሞቅም። አንድ ርካሽ የውኃ ቴርሞሜትር ገዝተህ ውስጡ ብትተው ከመገመት ያድንሃል።

ያም ሆኖ በአፓርትመንት ለሚኖር ሰው ሻይነርን ለወር አቆያለሁ ማለት ድካሙ ከጥቅሙ ይበልጣል ባይ ነኝ። ፋትሄድ ከሳምንት ሳምንት አቆይ፤ ሻይነርን ግን በሄድክበት ሐይቅ አቅራቢያ ካለ ሱቅ ለዕለቱ የሚበቃህን ብቻ ግዛ። የሐይቅ ዳር ሱቆች ከከተማው ይልቅ የተሻለ አቅርቦት አላቸው፤ ዓሣውም ረጅም መንገድ በመኪና አይንገላታም። ከመነሣትህ በፊት ስልክ ደውለህ መኖሩን ብትጠይቅ መልካም ነው።

መልስ፦ ዋልአይ ፈላጊ

በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ላክል። አዲስ የሞተ ሚኖው ሁሉ የሚጣል አይደለም። ገና ሳይበሰብስ፣ ዓይኑ ሳይደፈርስ ያገኛችሁትን በላስቲክ ጠቅልላችሁ የፍሪጁ በረዶ ቤት ውስጥ አስገቡት፤ ለዚህም ባለቤትን ማስፈቀድ ያስፈልግ ይሆናል። ዋልአይ ስታጠምዱ ከሚያብለጨልጨው የብረት ማንኪያ መንጠቆ ላይ የሚሰካው የሚኖው ራስ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በሕይወት መኖር አያስፈልገውም፤ ሽታውና ጣዕሙ ይበቃል። ሕያዋኑን ቲፕ አፕ ለሚባለው፣ ዓሣ ሲነክስ ባንዲራ ለሚያነሣው ማጥመጃ አስቀሩ። እዚያ ላይ ዓሣው በጀርባው ክንፍ ሥር በስሱ ከተሰካ ለረጅም ሰዓት እየዋኘ ይቆያል፤ ጠለቅ ብሎ ከተወጋ ግን አከርካሪው ይነካና ወዲያው ይሞታል። የዋልአይና የፓይክ ዓሣ ማጥመጃ ወቅት በአብዛኞቹ የግዛቱ ሐይቆች የሚዘጋው በፌብሩዋሪ የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ሚኖው ማከማቸቱን ቀንሱ፤ ለክራፒ ጥቂት ትናንሽ ፋትሄድና የቀፎው ሰው የገለጿቸው ትሎች ይበቃሉ።